ቋንቋና ታሪክ የሚማሩ ልጆቻችን፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ የተጓዘ ትምህርት ቤት ታሪክ



ለልጆቻችን ትምህርት የምናወጣው ገንዘብ በሚመደብበት ጊዜ ከመካከላችን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ነርስ ለምትሆነው እንክፈል፣ ሒሳብ መዝገብ ለምታጠናውም እንክፈል፤ አማርኛ ወይም ታሪክ ለምትማረው ግን ለምን? አማርኛውንማ ሁላችንም እንናገር የለም ወይ?» ይባላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የሚወጣው ገንዘብ ከየወሩ መዋጮ የተጠራቀመ የላባችን ፍሬ ነውና አንድ ብር እንኳ ያለ ምክንያት ሊወጣ አይገባም። ስለዚህ በዚህ እትም የቋንቋ፣ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ትምህርት በአገራችን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንዳደገና ለእኛ ምን እንደ ሠራ ለማየት መረጥን። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንደሚናገረው የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ብቻ ነበር። ኮሌጁን የመሩት ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ትምህርቱ በሁለት ወገን የተከፈለ ነበር፤ አንዱ ሳይንስ፣ ሌላው «አርትስ» የሚባለው። ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍናና የመሳሰለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ተጠቃልሎ ነበር። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ፣ አብዛኞቹ መምህራንም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአገሩ ልጅ የአገሩን ነገር በባዕድ አፍ ይማር ነበር ማለት ነው። ሴት ተማሪዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በዚያ ጠባብ ጅምር ውስጥም ቢሆን የአማርኛ ቃል ጉልበት ቶሎ ታየ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም እየጻፉ ይወዳደሩ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» በሚል ርእስ ያቀረበው ግጥም ብዙ ጆሮ አነቃ። ሥነ ጽሑፍ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የተበደለ ሰው የሚናገርበት አፍ እንደሆነ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙም ያረፉት በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው በእንግሊዝ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በብዕራቸው የተከራከሩልን፣ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰቡ ሴት ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። የሪቻርድ ባለቤት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ደግሞ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። ከእቴጌ ጣይቱ በፊት ስለነበሩት ታላላቅ ሴቶች፣ ስለ እቴጌ እሌኒ፣ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ ባቲ ድል ወምበራ አጥንተው ጽፈዋል። ከእኛ ብዙዎቻችን ስለ ጣይቱ ብንሰማም የቀሩትን ሦስቱን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። አንድ ሰው መዝገብ ገልጦ ባይፈልጋቸው ኖሮ ስማቸው ከአቧራ አይነሳም ነበር።

ቀስ በቀስ መንበሩ በአገር ልጆች ተያዘ። በታሪክ በኩል እነ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ፣ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት፣ ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ ከእነሱም በኋላ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ተነሡ። የታሪክ ክፍሉ አንድ መልካም ልማድ ነበረው፤ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመሥራት ብዙ ጊዜ ወደ ተወለደበት አካባቢ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል፤ የሰማውን ይመዘግባል። በዚህ መንገድ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ የየወረዳው ታሪክ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቃላቸው ግን አለ።

ከ1957 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ ያስተማሩት በአውራጃ ከተሞች ነበር። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሕዝቡ የወረደበት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። ብዙዎች ከዚያና ከተከተለው የመከራ ዘመን አልተመለሱም። የእነዚያ እናቶች ለቅሶ ዛሬም አላለቀም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ «ሀ፣ ሁ» ብለው ፊደል የቆጠሩት ያኔ ነው። ለአንድ ቋንቋ የማንበቢያ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ግን ድምፁን የሚለይ፣ ሰዋስውን የሚያውቅ፣ ለጀማሪ የሚቀለውን ቃል የሚመርጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። ቋንቋ መናገርና ቋንቋ ማወቅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም እንጀራ እንበላለን፤ እርሾውን አውቆ አብሲት መጣል ግን ሙያ ነው።

በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የቋንቋዎች ጥናት ተቋም ራሱን ችሎ ቆመ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ፣ የውጭ ቋንቋዎች፣ የሥነ ልሳንና የቴአትር ጥበባት ትምህርቶች በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትም ተጀመረ። መንግሥቱ ለማና ደበበ ሰይፉን የመሰሉ ደራስያን አስተምረውበታል። የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. የታተመው ከዚሁ ቤት ወጥቶ ነው። ዶክተር ፈቃደ አዘዘ ደግሞ ስለ ድርቅና ረሀብ የተገጠሙ ቃል ግጥሞችን ከባላገሩ አፍ ሰብስበው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። ረሀቡን ዓለም በፎቶግራፍ አይቶታል፤ የተራበው ሰው ራሱ ምን እንዳለ የሚነግረን ግን እንዲህ ያለው መጽሐፍ ነው።

የሴቶች ጉዳይ በራሱ ስም ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባው ዘግይቶ ነው። በታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ፆታ ጉባኤ ተካሄደ፤ ጥናቶቹን ያዘጋጁት የታሪክና የማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ዶክተር ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ በሴቶችና በልማት ላይ የሚሠራ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። የሴት ድካም፣ ውርስና መብት ከጓዳ ወጥቶ በጥናት ወረቀት ላይ ሰፈረ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያዝዝ የቋንቋ መምህራን ፍላጎት በረከተ፤ ትምህርቱም ሰፋ። የምልክት ቋንቋ ሳይቀር በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀመረ፤ መስማት የተሳነው ልጅ ላላት እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲማሩ ተወሰነ። አገር ሐኪምና መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት አንክድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ቋንቋ የሚማር ሌላ ያጣ ነው» የሚል አስተያየት በየሰፈሩ ሰፍኖ፣ ልጆቻችን የወደዱትን ትምህርት በኀፍረት እንዲናገሩ አድርጓል።

ዛሬ ያ «አርትስ» ተብሎ የተጀመረው ትምህርት ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ ጋዜጠኝነትንና ሥነ ተግባቦትን ይዞ ትልቅ ኮሌጅ ሆኗል። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጆቻችንን ፊደል የሚያስቆጥራቸው፣ በሬዲዮ የሚነግረን፣ በፍርድ ቤት የሚያስተረጉምልን፣ የእናቶቻችንን ቃል መዝግቦ የሚያቆየን ሰው ከአንድ ቦታ ተምሮ መምጣት አለበት። ያም ሰው የእኛ ልጅ ብትሆን ምን ይከፋል?

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ ለአባላት እናቀርባለን። አንደኛ፣ የትምህርት ድጋፋችን ልጅቱ የምታጠናውን ትምህርት ሳይሆን ትጋቷንና ችግሯን አይቶ ይመደብ። ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ የምትደገፍ የቋንቋ ወይም የታሪክ ተማሪ በዕረፍት ጊዜዋ ከማኅበራችን አንጋፋ እናቶች ጋር ተቀምጣ ታሪካቸውን፣ እንጉርጉሯቸውንና ተረታቸውን ትመዝግብ፤ እኛም በዚህ መጽሔት እያወጣን እንድናነበው። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ ሥራ የሚሆን ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ብታግዙን ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ በየእትሙ ታነቡታላችሁ። እናቶቻችን ዛሬ አሉ፤ የሚያውቁትን የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው።