ከሳሹ ሌላ፣ ፈራጁ ሌላ፦ ኢምፒችመንት እንዴት ይሠራል?

“ኢምፒችመንት” የሚለውን ቃል በሬዲዮ ስንሰማ ብዙዎቻችን ባለሥልጣኑ በቃ ተባረረ ብለን እናስባለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ኢምፒችመንት ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳየናል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጆንሰን የአብርሃም ሊንከን ምክትል ነበር። ሊንከን በኤፕሪል 1865 ሲገደል ቦታውን ተካ። ያኔ የእርስ በርሱ ጦርነት እያበቃ፣ አራት ሚሊዮን ገደማ ጥቁሮች ከባርነት እየወጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛውም ዜጋ እኩል መብት ይኑራቸው ወይ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነበር። በ1866 ምክር ቤቱ መብታቸውን የሚያስከብር ሕግ ቢያወጣ ጆንሰን አልፈርምም አለ። ምክር ቤቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሕጉን ያለ እሱ ፊርማ አጸደቀው። ጸቡ እየከረረ ሄደ።

በ1867 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሹማምንትን ያለ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስምምነት እንዳያባርር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ጆንሰን ግን በፌብሩዋሪ 1868 የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን አባረረ። ከሦስት ቀን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት በ126 ለ47 ድምፅ ከሰሰው።

የከሰሰው ቤት ግን አይፈርድም። ፍርዱ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ነው፤ የተከሰሰው ፕሬዚዳንት ከሆነ ችሎቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ይመራዋል። በጊዜው 54 አባላት ነበሩ። ጆንሰንን ለማንሳት ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 36 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሜይ 16 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 35ቱ “ጥፋተኛ ነው”፣ 19ኙ “አይደለም” አሉ። በአንዲት ድምፅ ተረፈ! ከ19ኙ ሰባቱ የከሳሾቹ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰዎች ነበሩ።

ነጻ ለወጡት ጥቁሮች ይህ መራራ ነበር፤ መብታቸውን የሚቃወም ሰው እስከ ማርች 1869 ሥልጣን ላይ ቆየ። በሌላ በኩል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 ያ የሹማምንት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይሄድ እንደነበር ተናግሯል።

በኬንያም በ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት ክሱና ፍርዱ በሁለት ቤት ነው። በኦክቶበር 2024 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪጋቲ ጋቻጓ ሁለቱም ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለወሰኑባቸው ከሥልጣን ተነሥተዋል።

ለክፍል ውይይት፦ ከሳሹ ራሱ ቢፈርድ ኖሮ ጆንሰን ምን ይሆን ነበር? መሪን ማንሳት ከባድ መሆኑ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል?