ቁራው እስኪነካው

ቅዳሜ ማታ ነው። ኮድ ሲያሰለቸኝ ፊልም እከፍታለሁ፤ የዚያን ቀን የደረሰኝ «ካክስፓርሽ» የተባለው የማራቲ ፊልም ነበር። ማሄሽ ማንጅሬካር በ2012 ያወጣው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ታሪኩ በምዕራብ ሕንድ፣ በኮንካን ጠረፍ በሚኖር የብራህሚን ቤተሰብ ውስጥ ያልፋል። ስሙ «የቁራ ንክኪ» ማለት ነው።

በልማዱ መሠረት ሰው ሲሞት የተድቦለቦለ ሩዝ ይቀመጣል። ቁራ ከነካው የሟቹ ነፍስ ረክታለች፤ ካልነካው ያልተፈጸመ ምኞት አለው። ኡማ በልጅነቷ ትዳራለች፤ ባሏ ኑሮ ሳይጀምሩ ይሞታል። ቁራው ሩዙን አልነካም አለ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሃሪ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ይምላል፤ ቁራው ይነካዋል። ፊልሙን ላላያችሁ ይቅርታ፣ መሐላው «ሌላ ወንድ አይነካትም» የሚል ነው።

ይኸው ሃሪ ግን ጠጉሯ እንዳይላጭ ከመንደሩ ጋር የተጣላ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የብራህሚን መበለት ጭንቅላቷ ይላጫል፣ አምባሯ ይሰበራል፣ በሰው ሠርግ ላይ መታየቷ እንደ ገድ ቢስ ይቆጠራል።

የገረመኝ ሕጉ ነው። የመበለቶችን ዳግም ጋብቻ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1856 ነው፤ ከፊልሙ ዘመን ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ማለት ነው። ችግሩ ፈቃድ መስጠት ዲፎልቱን አይቀይርም። በዚያ ላይ ዳግም ያገባች ሴት ከሟች ባሏ ንብረት የነበራትን መብት ታጣለች ይል ነበር፤ ያው ሕግ።

ነገሩን ያነቃነቁት ሰዎች ናቸው። ጆቲራኦ ፉሌና ባለቤቱ ሳቪትሪባይ በ1863 ያረገዙ መበለቶች በስውር የሚወልዱበት ቤት ፑኔ ውስጥ ከፈቱ። በ1890 የቦምቤይ ፀጉር አስተካካዮች መበለት አንላጭም ብለው አደሙ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ለካ ልማዱም ምላጭ የሚይዝ እጅ ያስፈልገው ነበር! በ1893 ደግሞ ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ፣ ሚስቱ የሞተችበት መምህር፣ ጎዱባይ የተባለች መበለት አገባ፤ የትውልድ መንደሩ አገለለው። እሱ ግን በ1896 ለመበለቶች መኖሪያ፣ በ1916 የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ።

ሃሪ ክፉ ሰው አይደለም። ያበላታል፣ ይጠብቃታል፣ ውስጥ ውስጡን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ምላጩን ከጭንቅላቷ መለሰ፤ ስለ ዕድሜ ልኳ ሲምል ግን አልጠየቃትም።

እዚህ ላይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ባሏ ሲሞት ሠላሳ አልሞላትም። ጠጉሯን ተላጭታ ከል ለበሰች። አባቴና ወንድሞቹ ልጆቿን አስተማሩላት፤ በየበዓሉ የምንኮራበት ታሪካችን ነው። አንድ ሰውዬ ሽማግሌ ልኮ እንደነበርና ወንድሞቿ እንደመለሱት ግን በወሬ ወሬ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ደወልኩላት። «ያኔ አንቺን ጠይቀውሽ ነበር?» አልኳት።

ሳቀች። «ማን ይጠይቃል፣ ልጄ!» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ሰውየው የት መሥሪያ ቤት ይሠራ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ኮት ይለብስ እንደነበር ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።