ሚኒስትሩ «የለም» ያሉት ፍል ውሃ

በ2010 የቱርክ የአካባቢና የደን ሚኒስትር የነበሩት ቬይሴል ኤሮሉ ስለ አሊያኖይ ሲጠየቁ፣ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም፣ የፈጠራ ወሬ ነው ብለው አረፉት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የለም የተባለው ቦታ ግን ግድግዳው፣ አምዱ፣ በድንጋይ የተነጠፈው መንገዱ ሳይቀር ከአፈር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በ2001 ጥብቅ የአርኪኦሎጂ ስፍራ ነው ብሎ የመዘገበውም የዚያው አገር መንግሥት ነው።

አሊያኖይ የሚገኘው በምዕራብ ቱርክ፣ ከቤርጋማ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቤርጋማ ማለት በዮሐንስ ራእይ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ሆና የተጠራችው ጴርጋሞን ናት። ታላቁ ሐኪም ጋሌን የተወለደው እዚያ ነው። የፈውስ አምላክ ተብሎ የሚመለከው የአስክሌፒዮስ መቅደስም እዚያ ስለነበር ሕመምተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፍባት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን ገደማ፣ ሮማውያን በአሊያኖይ ፍል ውሃ ላይ ሰፊ መታጠቢያ ገነቡ። ስሙን ጽፎ ያቆየልን ደግሞ ንጉሥ ወይም ጄኔራል ሳይሆን አንድ በሽተኛ ነው፤ ሕመሙንና ሕልሙን እየመዘገበ የኖረው ተናጋሪው ኤሊየስ አሪስቲደስ።

በፕሮፌሰር አህመት ያራሽ የሚመራው ቁፋሮ በ1998 ሲጀመር ብዙ ሰው የጠበቀው አንድ ተራ መታጠቢያ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ከገንዳዎቹና ከአዳራሾቹ ጋር የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች በብዛት ተገኙ፤ ሰው እዚያ የሚሄደው ለመዝናናት ብቻ ሳይሆን ለመታከምም እንደነበር አመላካች ነው። ዛጎል በእጇ የያዘች የውሃ አምላክ የእብነ በረድ ሐውልትም ብዙም ሳትጎዳ ወጣች። ከሁሉ የሚገርመው ፍል ውሃው ራሱ አለመንጠፉ ነው። የአካባቢው ሰው ቁፋሮው እስኪጀመር ድረስ «ፓሻ ኢሊጃሲ» እያለ ይታጠብበት ነበር።

ችግሩ ግድቡ ቀድሞ መጀመሩ ነው። የዮርታንሊ መስኖ ግድብ ሥራ ከ1994 ጀምሮ እየተካሄደ ስለነበር፣ ቁፋሮው ገና ከጅምሩ ውሃው ሳይደርስ የሚቻለውን ለማትረፍ የሚደረግ ሩጫ ነበር። በ2006 እሱም ቆመ። ያን ጊዜ አብዛኛው ክፍል ገና አፈር ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በቤርጋማ ሜዳ ጥጥ የሚያመርት ሰው ውሃ መጠየቁ መብቱ ነው። 8,000 ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ ይለማል ሲባል ደስ ያላለው ገበሬ አይኖርም። ጥያቄው መቅረብ የነበረበት ለመሐንዲሶቹና ለአለቆቻቸው ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት፣ የሮማውያን ድልድይ አጠገቡ የቆመ ፍል ውሃ ካርታቸው ላይ እንዴት ጠፋ? ሥራው ካለቀ በኋላ ገበሬና ቅርስ ፊት ለፊት እንዲቆሙ ተደረገ። እነሱ ሲፋጠጡ ቦታውን የመረጠው አካል ከጭቅጭቁ ወጣ።

ቱርክ አታውቅም እንዳይባል የዚዩግማ ታሪክ አለ። በ2000 የኤፍራጥስ ውሃ በቢሬጂክ ግድብ ምክንያት የሮማውያኑን ከተማ ሊውጥ ሲል ዓለም ጮኸ፣ ገንዘብ ተገኘ፣ በርካታ ሞዛይኮች ተነቅለው ወጡ። ጋዚያንቴፕ ውስጥ ለነሱ የተሠራው ሙዚየም በ2011 ተከፈተ።

ለአሊያኖይ ግን የተገኘው አሸዋ ነው። በ2010 መገባደጃ ፍርስራሹ በአሸዋ ተሸፈነ፤ ባለሥልጣናቱ ይህ ለቅርሱ ጥበቃ ነው አሉ። መልሶ መቅበር በአርኪኦሎጂ የታወቀ ዘዴ መሆኑ እውነት ነው። ደለል በየዓመቱ በሚከመርበት የግድብ ወለል ላይ ግን መልሶ የሚቆፍረው ማን ነው? በወራት ውስጥ ውሃው ሞላ፤ ፍል ውሃውም ከነገንዳዎቹ ከሐይቁ በታች ቀረ።

የእብነ በረዷ ሴት ቤርጋማ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች፣ ዛጎሏን እንደያዘች።