ሳይበራ የተዘጋው ማሽን

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1986 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዘጠኝ ዓመት የተለፋበት፣ 372 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ግዙፍ ማሽን ተመረቀ። ምረቃው ሳይበርድ በጀቱ ተቋረጠና ማሽኑ ተዘጋ። ለተሠራበት ሙከራ አንድም ቀን አልበራም።

ስሙ ኤምኤፍቲኤፍ-ቢ ይባላል። የተሠራው ለኒውክሌር ፊውዥን ምርምር ነበር። ፊውዥን ፀሐይ የምትነድበት መንገድ ነው፤ ቀላል አተሞች ተዋህደው ከባድ ሲሆኑ ከፍተኛ ኃይል ይለቃሉ። ይህን በምድር ላይ ለማድረግ ጋዙ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ይህን ሙቀት የሚችል ዕቃ ስለሌለ የጋለውን ጋዝ፣ ማለትም ፕላዝማውን፣ በማግኔት ኃይል አየር ላይ አንሳፎ መያዝ ያስፈልጋል።

ክርክሩ የማግኔቱ ቅርጽ ላይ ነው። ቶካማክ የሚባለው ማሽን ፕላዝማውን እንደ ቀለበት ያዞረዋል። የሊቨርሞሩ ግን ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ጫፎቹ ላይ ማግኔቱ ስለሚበረታ ፕላዝማው ነጥሮ ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህም "የማግኔት መስተዋት" ተባለ። ቱቦ ለመሥራትም ለመጠገንም ከቀለበት ይቀላል። ችግሩ ሁለት አፍ ያለው ስልቻ መሆኑ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ያፈሳል። በ1976 የአሜሪካና የሶቪየት ተመራማሪዎች፣ እየራሳቸው፣ ጫፎቹን የሚደፍኑበት ዘዴ አቀረቡ። ትልቁ ማሽን ሊመልስ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ድፋኑ ይይዛል ወይስ አይይዝም?

ጥያቄው ሳይመለስ ለምን ቀረ? መነሻው 1968 ነው። በዚያ ዓመት በኖቮሲቢርስክ ጉባኤ ሶቪየቶች ቲ-3 የተባለው ቶካማካቸው 10 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል መድረሱን ተናገሩ። ምዕራባውያን ተጠራጠሩ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የሌዘር መለኪያቸውን ይዘው ሞስኮ ሄዱ፤ ለክተውም እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ወደ ቶካማክ ጎረፈ። ፕሪንስተን እንኳ የራሱን የተለየ ማሽን ለውጦ ቶካማክ አደረገው።

ገንዘብ እስካለ ድረስ ግን ሁለቱም መንገድ ይኖር ነበር። የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በጀቱን አሳደገው። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር ፊውዥንን የሚያፋጥን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወረደ፣ የሬጋን አስተዳደር መጣ፣ በጀቱም ተቆረጠ። ገንዘቡ ለሁለት አይበቃም ሲባል መሪው ቶካማክ ተረፈ።

ውሳኔውን የሰጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በአነስተኛ ማሽኖች ላይ ድፋኑ ያስቸግር እንደነበር ያውቃሉ። ነገር ግን "ተሞክሮ ወደቀ" እና "ሳይሞከር ቀረ" አንድ አይደሉም። ዓመታት ሲያልፉ ልዩነቱ ይረሳል፤ በጀት ያጣው ሐሳብ ተፈጥሮ የጣለችው ይመስላል። ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ይበተናል፤ ተማሪውም ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። በዚህ ላይ በ1989 ሁለት ኬሚስቶች ዩታ ላይ ያወጁት "ቀዝቃዛ ፊውዥን" በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሊደገም አለመቻሉ "አማራጭ" የሚለውን ቃል ራሱን አጠራጣሪ አደረገው።

መስተዋቱን ያልጣሉ ነበሩ። በኖቮሲቢርስክ እና በጃፓኗ ፁኩባ ምርምሩ ቀጠለ። የኖቮሲቢርስኩ ቡድን ከሊቨርሞሩ እጅግ በቀለለ ማሽን ኤሌክትሮኖችን ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ አደረሰ። የሚገርመው ደግሞ በዚያው በ1986 ሁለት ሳይንቲስቶች ዙሪክ ላይ አዲስ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር አገኙ። የዚህ ግኝት ዘር በሆነ ቁስ የተሠሩ ብርቱ ማግኔቶች የተገጠሙለት አዲስ የመስተዋት ማሽን በ2024 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ፕላዝማ ፈጠረ። ከሊቨርሞሩ መዘጋት 38 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መስተዋቱ ያሸንፍ ነበር ማለቴ አይደለም። እስከ ዛሬ በየትኛውም ቅርጽ ቢሆን ለቤታችን መብራት የሚልክ የፊውዥን ጣቢያ የለም። አሸናፊው ባልታወቀበት ውድድር ደግሞ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው። ያኔ 372 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፦ ማሽኑን አብርቶ መልሱን ማየት። መልሱ "አይሆንም" ቢሆን እንኳ ለተከታዩ ትውልድ ዕውቀት ነበር።