ዓባይን የመሻገር ድካም፦ ጢስ ዓባይ በጸሐፊዎች ብዕር

ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሰፋ ብሎ በሜዳ ይፈስሳል። ጢስ ዓባይ ሲደርስ 40 ሜትር ግድም ከሚሆን ገደል ይወረወርና ወዲያው በጠባብ የድንጋይ ቦይ ውስጥ ይታፈናል። ከዚያ ወዲያ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ሱዳን እስኪወርድ ድረስ መንገዱ ጥልቅ ሸለቆ ነው። በጌምድርንና ጎጃምን የለየው ይኸው ወንዝ ነው። ነጋዴው፣ ደብተራው፣ የንጉሥ ጦርና ገበያተኛው ሁሉ ሊሻገረው ግድ ስለ ነበረ፣ ስለ አካባቢው የተጻፉ አሮጌ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከውበቱ ይልቅ ስለ ተሻጋሪው ድካም ይናገራሉ። የማን ድካም እንደ ተጻፈና የማን እንደ ተዘለለ መመልከት የቦታውን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድልድይ ከመሠራቱ በፊት መሻገሪያው እንደ ወቅቱ ይለያይ ነበር። በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል፣ ከሐይቁ መውጫ አጠገብ ባሉ መልካዎች በእግር ይሻገራሉ። ውኃው ሲሞላ ታንኳ ያስፈልጋል። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። በዚህ ሥራ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ በማይደርስበት ሸለቆ ዋናተኞች በአየር የተነፋ ቆዳ አቅፈው፣ ዕቃውን በሌላ ቆዳ ጠቅልለው እየገፉ ይሻገሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ይህም ይቀራል። ጣና የክረምቱን ውኃ ስለሚያጠራቅም ዝናቡ ካባራ በኋላም ወንዙ ቶሎ አይጎድልም፤ ስለዚህ መንገዱ ከዝናቡ ወራት አልፎ ይዘጋል።

ይህን ችግር በድንጋይ ለመፍታት የተሞከረው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ነው። ከፏፏቴው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ከሁሉ በጠበበበት ቦታ፣ በ1626 የዓላታ ድልድይ ተሠራ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደ ጻፈው፣ በአቅራቢያው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ተገኝቶ ነበር፤ ሥራውንም የመራው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ሱስንዮስ ለሮማ ቤተ ክርስቲያን መገዛቱን በሜንዴዝ ፊት በይፋ ያወጀው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። ሃይማኖቱ ሰባት ዓመት እንኳ አልዘለቀም፤ ንጉሡ በ1632 የአባቶችን እምነት መለሰ፣ ልጁ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ድልድዩ ግን ቆየ። በተለምዶ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» መባሉ ከዚሁ ከኢየሱሳውያኑ ዘመን የመጣ ነው፤ ንጉሡ ያዘዘው፣ ከህንድ የመጣ ሰው የመራውና የአገሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ሥራ በመሆኑ ስሙ ለፖርቱጋሎች ከሚገባቸው በላይ ይሰጣቸዋል። ድንጋዩ የተያያዘው በእንቁላል ነው የሚለውን ታሪክ አስጎብኚዎች ይወዱታል። የአልሜዳ ጽሑፍ የሚያወሳው ግን ኖራ ነው፤ ለዘመኑ ሰው አዲስ የነበረውም ኖራው ነው።

ድልድዩን የሠሩት ሰዎች ስለ ሥራቸው የተዉት ጽሑፍ አይታወቅም። የተጻፈው የተጓዦች ድካም ነው። ከ1625 እስከ 1634 ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ፏፏቴውን አይቶ፣ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ ገብቶ ድንጋይ ላይ መቀመጡን ጻፈ። ጽሑፉ በ1728 በፈረንሳይኛ፣ በ1735 ደግሞ በሳሙኤል ጆንሰን ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ ጢስ ዓባይ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አገኘ፤ ተከታዩ ጸሐፊም ከቀዳሚው ጋር ሳይፎካከር ማለፍ አልቻለም።

ያ ተከታይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጢስ ዓባይ የደረሰው በግንቦት 1770 ሲሆን፣ ፏፏቴውን ወርዱ ከግማሽ ማይል የሚበልጥ አንድ ወጥ የውኃ መጋረጃ አድርጎ ገለጸው። ከዚያ ሎቦን ሐሰተኛ አለው፤ በዚያ ጩኸትና በዚያ ጉልበት መካከል ማንም ከውኃው ጀርባ ሊቀመጥ አይችልም ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ሚዛኑን የሳተ ይመስላል። ወንዙ በበጋ ሲሳሳ ፏፏቴው ወደ ጥቂት ጅረቶች ይከፋፈላል፤ የድንጋዩ እርከንም ይታያል። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ያየውን ይዞ ሌላው በሌላ ወቅት ያየውን ውሸት ማለቱ ሎቦን አያስነቅፍም። ብሩስ በዚህ ብቻ አላበቃም፦ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ግሽ ዓባይ ላይ የወንዙን ምንጭ ማየቱንም ካደ። ድካሙ ሁሉ ዋጋ የሚያገኘው መጀመሪያ የደረሰ እርሱ ከሆነ ብቻ ነበርና።

የብሩስ መጽሐፍ በ1790 በአምስት ጥራዝ ሲወጣ ደራሲው በምንጩ አጠገብ ብቻውን የቆመ ጀግና ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። ብሩስ ግን ሠዓሊው ከዚያ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ባሉጋኒ የሞተው በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ስም ያለው አውሮፓዊ እንዲህ ከተሰረዘ፣ በቅሎ ለጎተተውና ሸክም ለተሸከመው የአገሩ ሰው ምን ያህል መስመር እንደ ተረፈ መገመት አያዳግትም። ደግነቱ ያው ብሩስ በጊዜው የጎንደርን መንግሥት ይመራ የነበረው የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር በዚያው በግንቦት ወር ዓባይን ሲሻገር አይቶ፣ ውኃው ሰውና ከብት እንዴት እንደ ወሰደ በዝርዝር ጽፏል። ከመጽሐፉ ለአካባቢው ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ ምንጩ የተከራከረበት ሳይሆን ይህ ክፍል ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን የድካም ታሪኩ ወደ ልኬት ዞረ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ ሠራ፤ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። የቺዝማን አጻጻፍ ረጋ ያለ ነው፤ ቁልቁለቱን፣ መሻገሪያውንና የመንደሩን ስም ይመዘግባል፤ ስለ ራሱ ጀግንነት ብዙ አይልም። ከቀደሙት ሁሉ ታማኝ የሆነውም በዚህ ነው። በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ሸለቆውን በጀልባ ወረዱ፤ ከአባላቱ አንዱ በጉዞው ላይ ሰጥሞ ሞተ።

ጢስ ዓባይ ራሱ በዚያን ጊዜ ለደራሽ የሚያስቸግር ቦታ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል እንዲሰጥ የታሰበው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1964 ሥራ ጀመረ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተከተለ። ብዙው ውኃ ወደ ተርባይኑ ስለ ተመለሰ ፏፏቴው በበጋ ክር መሰለ። የጎብኚዎች ጽሑፍም ተለወጠ፤ መንገዱ አደከመን የሚለው ቀርቶ ውኃው አነሰብን የሚለው በዛ።

የአገሬው ድካም በዓለም ፊት የታየው በብዕር ሳይሆን በፎቶግራፍ ነው። ከጢስ ዓባይ በታች፣ ሞጣን ከበጌምድር በሚያገናኘው መንገድ፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሌላ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ስለ ተቆረጠ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ሰዎች ለብዙ ዓመታት በዚያ የተሻገሩት ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ በሁለቱም ጫፍ በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተቱ ነው፤ ገበያተኛውም ሆነ ሕመምተኛው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ይህ መሻገሪያ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ወጣ። ያየው አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በ2001 የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ የተቆረጠው ቅስትም በ2002 ተጠገነ። መጻሕፍቱ ደራሲዎቻቸውን ዝነኛ ሲያደርጉ፣ ይህ አንድ ፎቶግራፍ ግን ድልድይ አስጠገነ። ሆኖም ጥገናውን በ2005 የመጣ ጎርፍ ወሰደው፤ በምትኩ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከጎርፍ በላይ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በሐይቁ መውጫ ላይ፣ የጥንቱ መልካ ተሻጋሪ ውኃው እስኪጎድል በሚጠብቅበት አካባቢ፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለትራፊክ ተከፍቷል።