የቆሎ ተማሪና የሰው መንደር

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ባገራችን ከመቋቋሙ በፊት የገጠር ልጅ የሚማረው በማን ወጪ ነበር? ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ በመንደር ነው። ይኸውም የተወለደበት መንደር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያላየው የሰው መንደር ነው።

ዳዊት የደገመ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ሲያስብ፥ አባቱ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ስለሚፈልገው ብዙ ጊዜ አይፈቅድለትም ነበር። ስለዚህ ሌሊት ይጠፋል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ይሄዳል። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራ፥ ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ያቀና ነበር። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የምንመርጠውን ሙያ በወረቀት እንሞላለን፤ እርሱ ግን በእግሩ ነበር የሚመርጠው።

ከዚያ በኋላ የሚያኖረው ልመና ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ እማወራዋ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ታወጣለታለች፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። የማን ልጅ እንደ ሆነ አትመረምርም፤ ተምሮ ሲጨርስም የእርስዋን ደብር ያገለግል እንደ ሆነ አታውቅም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሰጪዋ ራስዋ ፊደል ያልቈጠረች ነበረች፤ ሴት ልጅዋም አኩፋዳ ይዛ ለትምህርት እንድትወጣ ልማዱ አልፈቀደም። ልማዱን ስናወድስ ይህን ባንረሳ መልካም ነው።

ኑሮው ብርቱ ነበር። በክረምት የገበሬው ጎተራ ሲጎድል የተማሪውም ቁራሽ ይጎድላል፤ በጎጆው ውስጥ የታመመ ጓደኛ ካለም ሌሎቹ ለእርሱ ጨምረው ይለምናሉ። ይህ ሥርዓት ዛሬም በየገዳማቱና በየአድባራቱ አካባቢ ፈጽሞ አልጠፋም።

የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ሁሉ ግን መሪጌታ ሆኖ አልቀረም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ኋላም መምህር፥ ዲፕሎማትና የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ዋናውን ሰው በዛብህን የቤተ ክህነት ተማሪ አድርገውታል። ይሁን እንጂ በዛብህ ከቤቱ የጠፋ ልጅ አይደለም፤ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስለት የሰጡት ነው፤ እርሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።