እጅና ጥቁር ሰሌዳ

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ክፍለ ጊዜ ይባል እንጂ እዚያ ቁጭ ብለን የምንሠራው ነገር አልነበረም። መምህራችን «ለሚመጣው ሳምንት አንዳንድ የእጅ ሥራ ይዛችሁ ኑ» ይሉናል፤ እኛም ይዘን እንሄዳለን። እኔ የወሰድሁት እናቴ ከቅዳሜ ገበያ የገዛችልኝን መጥረጊያ ነበር። ከ10 9 አገኘሁበት። አብዛኞቻችን እንደዚሁ ነበርን፤ ማማሰያው፣ ሰፌዱ፣ መጥረጊያው ሁሉ የገበያ ነው። ይህንን መምህሩም ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁም እኛ እናውቃለን። (ትምህርት ቤቱ በእነዚያ ዓመታት መጥረጊያ የገዛ አይመስለኝም።)

በገዛ እጇ የሠራችውን ይዛ የመጣች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ያመጣቻት ጭብጥ የምታህል ጀበና መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ዘመም አለችና ወደቀች። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ አንስታ ገለባብጣ አየቻትና «ቂጧ ጠቦብኛል፣ አንገቷም ረዝሟል» አለች። በሳምንቱ ሌላ ይዛ መጣች፤ መቀመጫዋ ሰፋ፣ አንገቷ አጠር ያለ። ይቺኛዋ ቆመች። ጭቃው እሳት ውስጥ እንዳይሰነጠቅ የተወቀጠ ገል እንደሚደባለቅበት አጠገቧ ለተቀመጥሁት ለእኔ በሹክሹክታ ነገረችኝ። 6 ተሰጣት፤ «ጥራት ይጎድለዋል» ተብሎ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ልጆች ለሸክላ ሠሪ ልጅ የሚባለውን ሁሉ አሏት። ቃሉን እዚህ አልደግመውም፤ አንባቢ ያውቀዋል። በሦስተኛው ሳምንት መጥረጊያ ይዛ መጣች። 9 አገኘች።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ረስቼው ኖሬ መልሶ ያስታወሰኝ የዐፄ ምኒልክ የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው እየጠራ የሚሰድበውን ሰው በብርቱ ይወቅሳል። ሰነፉ ብልሁን እያዋረደ አገሩን ያለ ሠራተኛ እንዳስቀረው ይገልጽና ከእንግዲህ የሚሰድብ እንደሚቀጣ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ እነዚያ ልጆች በእረፍት ሰዓት የተናገሩት ቃል በዐዋጅ ከተከለከለ 90 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ሌላው ግጥጥሞሽ ነው። ዐዋጁ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 መጀመሪያ ነው። በዚያው በ1908 ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። መምህራኑን ከግብጽ አስመጡ፤ በትምህርቱም ጎልቶ የታየው ቋንቋ ነበር፤ ፈረንሳይኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ጣሊያንኛው፣ ዐረብኛው። አንድ ንጉሥ በአንድ ዓመት ውስጥ እጅን በዐዋጅ አስከበሩ፣ ምላስንም በትምህርት ቤት አሠለጠኑ። አልፈርድባቸውም። ከዐድዋ በኋላ የየአገሩ መልእክተኛ ደጃቸው ላይ ተሰልፎ ነበርና አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልጋቸው ነበር። ነገር ግን ዐዋጁና ትምህርት ቤቱ ሳይገናኙ ቀሩ። «የተማረ» የሚለው ቃል ራሱ ውሎ አድሮ እጁን ጭቃ የማይነካው ሰው መጠሪያ ሆነ።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ፊንላንድ አለች። በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት፣ ጋፋት ላይ መድፍ ለማቅለጥ ትግል በነበረበት ዘመን፣ ኡኖ ሲግኔውስ የሚባል የሉተራን ቄስ በድኻዪቱ ፊንላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት ያዘጋጅ ነበር። ሰውየው ቀደም ሲል እስከ አላስካ ድረስ ሄዶ ያገለገለ ነው። ልጆችን በእንጨት ኳስና ኪዩብ ያጫውት የነበረውን የጀርመናዊውን የፍሮቤልን ሐሳብ ወስዶ ወደ መዶሻና መጋዝ አሳደገው። በፈረንጆች 1866 በወጣው ደንብ የእጅ ሥራ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለወንዶች ልጆች ግዴታ ሆነ፤ ለልጃገረዶች የመርፌው ሥራ ነበራቸው። በጎረቤት ስዊድን ኦቶ ሳሎሞን ኔስ በተባለ ስፍራ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ ትምህርቱን በብዙ አገር አዛመተው።

ሲግኔውስ አናጢ ማፍራት አልፈለገም። የፈለገው ዐይን እንዲለካ፣ እጅ እንዲታዘዝ፣ ልጁ የጀመረውን እንዲጨርስ ነበር። አናጢነት በኋላ የፈለገ የሚማረው ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር እጅ ትምህርት ቤት በገባ ቁጥር የገባው በሙያ ስም ነው። ደርግ ከትምህርት ዓላማዎቹ አንዱን «ለማምረት» ብሎ ሰየመው፤ የሚመዘነውም ምርቱ ሆነ፤ ጎመኑ ስንት እስር ወጣው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን በየእርከኑ ቢዘረጋም፣ ሙያ በሕዝቡ ዘንድ ውጤት ላልመጣለት ልጅ የሚቀር መንገድ ሆኖ ቆየ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርት ወደ 7ኛና 8ኛ ክፍል ወርዷል። ደግ ነው። ልጅ ጭቃ ማቡካት የሚጀምረው ግን በ7ኛ ክፍል አይደለም፤ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

እንግሊዞች በ1990 (በእነሱ አቆጣጠር) ንድፍና ቴክኖሎጂን ከ5 ዓመት ልጅ ጀምሮ በብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ አስገቡት። ትምህርቱን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ልጁ ዕቃው ለማን እንደሚያገለግል ይጠየቃል፣ ያሰበውን በሥዕል ያሳያል፣ ይሠራዋል፣ ይሞክረዋል፣ ካልሆነም ምኑ ጋ እንደተበላሸ ተናግሮ ያሻሽለዋል። ይህንን ሳነብ «ቂጧ ጠቦብኛል» ያለችው ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የሥነ ትምህርት ሊቃውንት በጉባኤ የሚመክሩበትን ሥርዓት እሷ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከእናቷ ጓሮ ይዛው መጥታ ነበር። መምህሩ «ለምን ወደቀች? ምን ብታደርጊ ትቆማለች?» ብለው ቢጠይቋት ኖሮ 40 ልጆች ያን ቀን ስለ ሚዛን ይማሩ ነበር። ገሉ ለምን እንደሚጨመር ብትናገር ደግሞ የሳይንስ ትምህርት ይሆን ነበር። መምህሩን ብቻ ግን ልወቅስ አልችልም። እሳቸውም ሲማሩ ያንን የጠየቃቸው አልነበረም፤ ከመጥረጊያ ገዢዎቹም አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛዪቱን ጀበና ልጅቱ አልወሰደቻትም። ሰኔ ላይ ክፍሉ ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ልትጣል ስትል አንስቼ በደብተር መያዣዬ ከትቼ ቤት ወሰድኋት። እናቴ የማን ልጅ እንደሠራቻት ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ትንሽ ዝም አለችና ከቡና ረከቦቱ ጀርባ፣ እንግዳ ከማያያት ቦታ አስቀመጠቻት። አሁንም እዚያው አለች፤ አፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች።